የሥራ ገበያ የደመወዝ ጥናት እና የጤና ባለሙያ ክፍያ አወሳሰን

መግቢያ

አንድ የጤና ተቋም ለሠራተኞቹ የሚከፍለው ደመወዝ በዋነኛነት በሦስት ነገሮች ይወሰናል፤ እነርሱም ሥራው የሚጠይቀው ዕውቀትና ኃላፊነት፣ የተቋሙ የመክፈል አቅም፣ እንዲሁም ሌሎች ቀጣሪዎች ለተመሳሳይ ሥራ የሚከፍሉት ክፍያ ናቸው። የመጀመሪያው በሥራ ምዘና፣ ሁለተኛው በበጀት ይታወቃል። ሦስተኛው ግን ብዙውን ጊዜ የሚታወቀው በወሬ ነው። «እገሌ ክሊኒክ ይህን ያህል ይከፍላል»፣ «አዳማ ላይ እጥፍ ይሰጣል» የሚለው አባባል ከአፍ ወደ አፍ እየተላለፈ ሠራተኛውን ለመልቀቅ፣ ኃላፊውን ደግሞ ለመከራከር ያነሣሣል። ይህን ወሬ በሥርዓት ወደተሰበሰበ መረጃ የሚለውጠው ዘዴ የሥራ ገበያ የደመወዝ ጥናት ይባላል።

ጉዳዩ የጤና ባለሙያን በሁለት ወገን ይመለከታል። በአንድ ወገን ባለሙያው ራሱ ደመወዝተኛ ስለሆነ ጥያቄውን በማስረጃ አስደግፎ ማቅረብ ይጠበቅበታል። በሌላው ወገን የጤና ጣቢያ ኃላፊ፣ የሆስፒታል ሜዲካል ዳይሬክተር፣ የክሊኒክ ባለቤት ወይም የወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤት ኃላፊ ሆኖ ሌሎችን ይቀጥራል። በጥናት ስም የተሰበሰበ ደካማ መረጃ ሁለቱንም ወገኖች ያሳስታል፤ የመጨረሻው ጉዳት ግን የሚያርፈው በሌሊት ምጥ ይዟት መጥታ አዋላጅ በምታጣው እናት ላይ ነው።

በዚህ ጽሑፍ የጥናቱ አካሄድ፣ የአተረጓጎሙ ስሕተቶችና በኢትዮጵያ የጤና ዘርፍ ያለው ወሰን ይብራራሉ። ነገሩን ግልጽ ለማድረግ ከአሰላ በስተምሥራቅ የምትገኘው፣ ስንዴና ገብስ አምራች የሆነችው የአርሲ ደጋ ወረዳ ዲክሲስ በምሳሌነት ትወሰዳለች። ስለ ወረዳዋና ስለ ገበያው በምሳሌነት የሚቀርቡት የብር መጠኖች ለስሌት ማስረጃ ብቻ የተወሰዱ እንጂ ከማንኛውም ተቋም የተገኙ አይደሉም። በአንጻሩ የመንግሥት የደመወዝ ስኬል አኃዞች በይፋ የተገለጹ ናቸው።

የሥራ ምዘና እና የገበያ ጥናት ልዩነት

የሥራ ምዘና ወደ ውስጥ፣ የገበያ ጥናት ደግሞ ወደ ውጭ የሚመለከት መሣሪያ ነው። በሥራ ምዘና አንድ የሥራ መደብ የሚጠይቀው የትምህርት ደረጃ፣ የኃላፊነት ክብደት፣ የአካልና የአእምሮ ጥረት እንዲሁም የሥራው አካባቢ አደገኛነት በነጥብ ይለካል። ነጥቡ ወደ ደረጃ፣ ደረጃውም ወደ ደመወዝ ይለወጣል። ዓላማው እኩል ዋጋ ያላቸው ሥራዎች እኩል ደመወዝ እንዲኖራቸው ማድረግ ነው። የገበያ ጥናት በበኩሉ ስለ ሥራው ፍትሐዊ ዋጋ የሚናገረው ነገር የለም፤ የሚናገረው ሌሎች በአሁኑ ጊዜ ምን እየከፈሉ እንደሆነ ብቻ ነው።

በኢትዮጵያ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ከረጅም ጊዜ ጀምሮ የተመረኮዙት በመጀመሪያው መንገድ ላይ ነው። የመንግሥት ሠራተኞችን አስተዳደር በማዕከል የሚመራ ተቋም ከተመሠረተበት ከ1950ዎቹ ዓ.ም. ወዲህ ደመወዝ ሲወሰን የኖረው በሥራ መደቦች ምደባና በወጥ ስኬል ነው። በ2010ዎቹ ዓ.ም. ተግባራዊ የሆነውና ጄኢጂ በሚል ምህጻር የሚታወቀው የሥራ ምዘናና ደረጃ አወሳሰንም በነጥብ ምዘና ላይ የተመሠረተ ነው። ክልሎችም በአመዛኙ የፌዴራሉን ስኬል ስለሚከተሉ በዲክሲስ ጤና ጣቢያ የተመደበ ነርስና በአጎራባች ወረዳ የተመደበ ባልደረባው፣ ደረጃቸውና እርከናቸው አንድ እስከሆነ ድረስ፣ መሠረታዊ ደመወዛቸው አንድ ዓይነት ነው።

ሁለቱን መንገዶች አጣምሮ መሥራት ይቻላል። በብሪታንያ እ.ኤ.አ. በ1971 የሐኪሞችንና የጥርስ ሐኪሞችን፣ እ.ኤ.አ. በ1983 ደግሞ የነርሶችን ደመወዝ የሚመረምሩ ገለልተኛ ቦርዶች ተቋቁመዋል። ቦርዶቹ የሌሎች ሙያዎችን ክፍያ፣ የዋጋ ንረትን፣ የቅጥርና የመልቀቅ መረጃን እንዲሁም የመንግሥትን የመክፈል አቅም መርምረው የውሳኔ ሐሳብ ያቀርባሉ። ከዚሁ ጎን ለጎን ከሐኪሞችና ከጥርስ ሐኪሞች በስተቀር አብዛኞቹን የብሔራዊ የጤና አገልግሎት ሠራተኞች የሚሸፍን የነጥብ ምዘና እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ ሥራ ላይ ውሏል። እንዲህ ባለው አሠራር ምዘናው የሥራዎችን ቅደም ተከተል ይወስናል፤ የገበያ መረጃው ደግሞ የስኬሉን ጠቅላላ ከፍታ ለመወሰን ይረዳል።

የጥናቱ አካሄድ

የመጀመሪያው ተግባር መለኪያ የሚሆኑ የሥራ መደቦችን መምረጥ ነው። ሁሉንም መደቦች ማጥናት አስፈላጊ አይደለም። በብዙ ቀጣሪዎች ዘንድ የሚገኙ፣ ይዘታቸው የታወቀና ብዙ ሠራተኞችን የያዙ ጥቂት መደቦች ይበቃሉ፤ ለአንድ ወረዳ አዋላጅ ነርስ፣ ክሊኒካል ነርስ፣ የላቦራቶሪ ባለሙያ፣ የፋርማሲ ባለሙያና ጠቅላላ ሐኪም ሊሆኑ ይችላሉ። የሌሎቹ መደቦች ክፍያ ከእነዚህ ጋር ባላቸው የምዘና ግንኙነት ይገመታል።

ሁለተኛው ተግባር ሥራን ከሥራ ጋር ማዛመድ ነው። ብዙ ጥናቶች የሚበላሹት እዚህ ላይ ነው። «ነርስ» የሚለው መጠሪያ በአንዱ ተቋም የመጀመሪያ ዲግሪ ያላትንና ተረኛ ቡድን የምትመራ ባለሙያ፣ በሌላው ደግሞ በዲፕሎማ ተመርቃ መርፌ የምትወጋንና ካርድ የምታወጣን ሠራተኛ ሊያመለክት ይችላል። በዲክሲስ ያለ አንድ የላቦራቶሪ ባለሙያ ናሙና ከመቀበል ጀምሮ ውጤት እስከ መጻፍና ሬጀንት እስከ መጠየቅ ድረስ ብቻውን ሊሠራ ይችላል፤ በትልቅ ከተማ ሆስፒታል ያለው አቻው ግን በአንድ መሣሪያ ላይ ብቻ ይመደብ ይሆናል። በመሆኑም መጠይቁ የመደቡን ስም ብቻ ሳይሆን አጭር የሥራ መግለጫ መያዝ አለበት። በተለምዶ የሥራዎቹ ይዘት ቢያንስ ሦስት አራተኛ ያህል ካልተመሳሰለ መደቦቹ እንደ አቻ አይቆጠሩም።

ሦስተኛው ተግባር ገበያውን መወሰን ነው። «ገበያ» ማለት ሠራተኛው ሲለቅ የሚሄድበት፣ ሲቀጠርም የሚመጣበት ክልል ነው። ይህም እንደየሙያው ይለያያል። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ከምታገለግለው ማኅበረሰብ መካከል የምትመለመል በመሆኗ ገበያዋ በአብዛኛው የአካባቢው ገበያ ነው። የአዋላጅ ነርስ ገበያ ግን አሰላን ይጨምራል፤ ምክንያቱም በአሰላ የአርሲ ዩኒቨርሲቲ ሪፈራልና ማስተማሪያ ሆስፒታልና የግል ክሊኒኮች ይገኛሉ። የጠቅላላ ሐኪምና የሰመመን ሰጪ ባለሙያ ገበያ ደግሞ እስከ አዳማና አዲስ አበባ፣ አልፎም እስከ ውጭ አገር ይዘረጋል። የዲክሲስ ጽሕፈት ቤት ለሐኪም ክፍያ የሚያወዳድረው ከአጎራባች ወረዳ ጋር ብቻ ከሆነ፣ ሐኪሙ ከማይሄድበት ቦታ ጋር አወዳደረ ማለት ነው።

አራተኛው ተግባር መረጃውን መሰብሰብ ነው። ከየቀጣሪው የመደቡ መነሻ ደመወዝ፣ በሥራ ላይ ያሉት ሠራተኞች በትክክል የሚከፈላቸው መጠን፣ የሠራተኞቹ ብዛት፣ የአገልግሎት ዘመናቸው፣ የሳምንት የሥራ ሰዓታቸው፣ የተረኝነት ክፍያቸው፣ የተጋላጭነትና የቤት አበላቸው እንዲሁም የሥልጠና ዕድላቸው ይጠየቃሉ። መረጃው ያለበት ቀን መመዝገብ አለበት። በማስታወቂያ ላይ የወጣ ደመወዝ በእጅ ከሚገባው ደመወዝ ስለሚለይ ሁለቱን መቀላቀል አይገባም።

ቁጥሮቹ እንዴት ይነበባሉ?

በምሳሌነት ሰባት ቀጣሪዎች ለአንዲት አዋላጅ ነርስ የሚከፍሉት ወርሐዊ መሠረታዊ ደመወዝ 9,800፣ 10,500፣ 11,500፣ 11,500፣ 12,000፣ 14,000 እና 30,000 ብር ነው እንበል። አማካዩ 14,186 ብር ገደማ ይሆናል። ይህን የተመለከተ ሰው 11,500 ብር የሚከፍለው የመንግሥት ጤና ጣቢያ ከገበያው በ2,686 ብር ያነሰ ነው ሊል ይችላል። ነገር ግን ከሰባቱ ስድስቱ የሚከፍሉት ከ14,186 ብር በታች ነው፤ አማካዩን ወደ ላይ የሳበው 30,000 ብር የሚከፍለው አንድ ቀጣሪ ብቻ ነው። ስለሆነም በደመወዝ ጥናት ከአማካይ ይልቅ መኻል ቁጥር ይመረጣል፤ ይኸውም ክፍያዎቹ ከትንሹ ወደ ትልቁ ሲደረደሩ መካከል ላይ የሚገኘው ነው። በዚህ ምሳሌ መኻል ቁጥሩ 11,500 ብር ነው።

ይህ ውጤት ጤና ጣቢያው ከገበያው እኩል ይከፍላል የሚያሰኝ ይመስላል። ይሁን እንጂ ከሰባቱ መካከል 11,500 ብር የሚከፍሉት ሁለቱ ሌሎች የመንግሥት ተቋማት ከሆኑ፣ የተወዳደረው ስኬሉ ከራሱ ጋር ነው። ሁለቱ ሲወጡ የቀሩት አምስት ቀጣሪዎች መኻል ቁጥር 12,000 ብር ይሆናል፤ የጤና ጣቢያውም ክፍያ የዚህ 96 በመቶ ያህል ነው። እንግዲህ በአንድ መረጃ ላይ ሦስት የተለያዩ መልሶች ተገኙ። ስለዚህ ማንኛውም የደመወዝ ጥናት ሲቀርብ «የየትኛው ገበያ፣ የትኛው መለኪያ?» ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው።

መሠረታዊ ደመወዝን ብቻ ማወዳደርም አይበቃም። በመንግሥት ሠራተኞች ሕግ መደበኛው የሥራ ሰዓት በሳምንት ከ39 ሰዓት አይበልጥም፤ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሚተዳደር የግል ድርጅት ግን ሠራተኛውን በሳምንት እስከ 48 ሰዓት በመደበኛነት ሊያሠራ ይችላል። ይህም በወር 169 እና 208 ሰዓት ገደማ ማለት ነው። ከላይ በተጠቀሰው ምሳሌ 11,500 ብር ለ169 ሰዓት ሲካፈል በሰዓት 68 ብር፣ 12,000 ብር ለ208 ሰዓት ሲካፈል ደግሞ 58 ብር ገደማ ይሆናል። በወር ሲታይ ያነሰ የመሰለው ክፍያ በሰዓት ሲታይ በለጠ። የዓመት ፈቃድም እንዲሁ ይለያያል፤ የመንግሥት ሠራተኛ ለመጀመሪያው ዓመት አገልግሎት 20 የሥራ ቀናት፣ በግሉ ዘርፍ ያለ ሠራተኛ ደግሞ 16 የሥራ ቀናት ያገኛል። በሌላ በኩል የተረኝነት ክፍያ በወቅቱ የማይከፈል ከሆነ በወረቀት ላይ ያለው ጠቅላላ ክፍያ ከእውነተኛው ይበልጣል። በመሆኑም መጠይቁ «ስንት ይከፈላል?» ብቻ ሳይሆን «ለስንት ሰዓት፣ መቼስ ይከፈላል?» ማለት አለበት።

በመጨረሻም መረጃው ያረጃል። ጥናቱ በመስከረም ተካሂዶ ውሳኔው በሐምሌ የሚሰጥ ከሆነ አሥር ወር አልፎታል። የገበያው ደመወዝ በዓመት 12 በመቶ ያድጋል ተብሎ ቢገመት 12,000 ብር የነበረው መኻል ቁጥር በሐምሌ ወደ 13,200 ብር ይጠጋል። ዋጋ በፍጥነት በሚለዋወጥበት ጊዜ ይህ እርማት ከሌሎቹ ሁሉ የበለጠ ሊያስፈልግ ይችላል። የኢትዮጵያ ብር ምንዛሪ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ የአሜሪካ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆኗል። ከዚያ በፊት የተሰበሰበን የደመወዝ መረጃ፣ በተለይም በዶላር ከሚከፍሉ ድርጅቶች የተገኘውን፣ ሳያርሙ መጠቀም አሳሳች ይሆናል።

ዋናው ቀጣሪ አንድ ሲሆን

የደመወዝ ጥናት የተፈጠረው ብዙ ቀጣሪዎች ለአንድ ሠራተኛ በሚፎካከሩበት ገበያ ነው። በኢትዮጵያ የጤና ዘርፍ ግን አብዛኛውን ባለሙያ የሚቀጥረው መንግሥት ነው፤ በገጠር ወረዳዎች ደግሞ ሌላ ቀጣሪ እምብዛም አይገኝም። እንዲህ ባለ ሁኔታ ገበያው መስታወት ይሆናል፤ መንግሥት ወደ ገበያው ሲመለከት የሚያየው የራሱን ስኬል ነው። የግል ክሊኒኩም መነሻ ደመወዙን ሲወስን የመንግሥቱን ስኬል ተመልክቶ ጥቂት ይጨምርበታል። ከዚህም የተነሣ «የመንግሥት ደመወዝ ከገበያው ጋር ይቀራረባል» የሚለው ግኝት ደመወዙ በቂ መሆኑን አያረጋግጥም፤ ምናልባት የሚያሳየው ገበያው የመንግሥትን ውሳኔ የሚከተል መሆኑን ብቻ ነው።

ይህን ክፍተት ለመሙላት ሦስት ተጨማሪ መለኪያዎች ያስፈልጋሉ። አንደኛው የመልቀቅና የክፍት መደብ መረጃ ነው፤ ማስታወቂያ ወጥቶ አመልካች የሚጠፋበት መደብ፣ ማንኛውም ጥናት ምንም ቢል፣ ክፍያው ወይም የሥራ ሁኔታው አልበቃም ማለት ነው። ሁለተኛው የኑሮ ውድነት ነው። ሦስተኛው ተመሳሳይ የትምህርት ዘመንና ኃላፊነት ያላቸው የሌሎች ሙያዎች ክፍያ ነው፤ ለምሳሌ አንድን የጤና ባለሙያ ከአንድ የባንክ ሠራተኛ ወይም ከአንድ መሐንዲስ ጋር ማነጻጸር ይቻላል።

የቅርብ ዓመታት ታሪክ የእነዚህን መለኪያዎች አስፈላጊነት ያሳያል። በ2011 ዓ.ም. የጤና ባለሙያዎች የክፍያና የሥራ ሁኔታ ጥያቄ በተለያዩ ከተሞች ተነሥቶ ነበር። በ2017 ዓ.ም. በተደረገው የመንግሥት ሠራተኞች ደመወዝ ማሻሻያ ዝቅተኛው ደመወዝ ወደ 4,760 ብር፣ ከፍተኛው ደግሞ ከ20,468 ብር ወደ 21,492 ብር አደገ። በዚያው ዓመት በግንቦት ወር የጤና ባለሙያዎች የደመወዝና የጥቅማ ጥቅም ጥያቄ አንሥተው በከፊል ሥራ አቁመዋል። ከመስከረም 2018 ዓ.ም. ጀምሮ በተደረገው ማሻሻያ ዝቅተኛው 6,000 ብር፣ ከፍተኛው 39,000 ብር፣ የመጀመሪያ ዲግሪ መነሻ ደመወዝ ደግሞ ከ6,940 ብር ወደ 11,500 ብር ሆኗል።

በእነዚህ አኃዞች ውስጥ አንድ ሊጤን የሚገባው ነገር አለ። በከፍተኛውና በዝቅተኛው ደመወዝ መካከል የነበረው ልዩነት በ2017 ዓ.ም. ማሻሻያ በእጅጉ ጠብቦ ከፍተኛው የዝቅተኛው 4.5 እጥፍ ያህል ሆነ፤ በ2018 ዓ.ም. ደግሞ 6.5 እጥፍ ሆነ። ዝቅተኛ ተከፋዩን ከረሃብ ለመታደግ የተወሰደው እርምጃ በጎ ዓላማ ነበረው፤ ሆኖም በስኬሉ መካከልና ከፍታ ላይ ያሉት ባለሙያዎች ለዓመታት ትምህርትና ለኃላፊነት ያገኙት የነበረው ልዩነት ጠበበ። የገበያ ጥናት በየመደቡ ተለይቶ ቢካሄድ የትኛው መደብ ከገበያው ምን ያህል እንደራቀ አስቀድሞ ያሳይ ነበር። አንድ ጠቅላላ አማካይ ግን ይህን አያሳይም፤ በዝቅተኛ መደቦች የተገኘው መሻሻል በከፍተኛ መደቦች ያለውን ክፍተት ይሸፍነዋልና።

ገንዘብ ብቻ የማይመልሰው ጥያቄ

ለአንድ ገጠር ወረዳ ዋናው ጥያቄ «ገበያው ስንት ይከፍላል?» ሳይሆን «ባለሙያው ምን ቢያገኝ ይቆያል?» የሚለው ነው። በዚህ ረገድ በኢትዮጵያ የተካሄዱ ጥናቶች ጠቃሚ ናቸው። ፒተር ሰርኔልስና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2007 ባሳተሙት ጥናት በሦስት የሕክምናና በስምንት የነርስ ትምህርት ቤቶች የሚገኙ ተመራቂ ተማሪዎች ስንት ቢከፈላቸው ገጠር ለመሥራት እንደሚፈቅዱ ተጠይቀዋል። መልሶቹ እጅግ የተለያዩ ነበሩ፤ ልዩነቱንም በዋነኛነት ያስረዱት የተማሪው ቤተሰብ የኑሮ ደረጃና ድኾችን ለመርዳት ያለው ፍላጎት ናቸው። ይህም ማለት ለሁሉም አንድ ዓይነት የሆነ «የገጠር ዋጋ» የለም፤ ማንን መመልመል እንደሚገባም የክፍያ ፖሊሲ አካል ነው።

ካራ ሃንሰንና ዊሊያም ጃክ እ.ኤ.አ. በ2010 ያሳተሙት ጥናት ደግሞ በኢትዮጵያ ለሚሠሩ ሐኪሞችና ነርሶች የተለያዩ የሥራ አማራጮችን በማቅረብ ምርጫቸውን መዝግቧል። በውጤቱም የገጠር ደመወዝ እጥፍ ቢሆን ገጠር ለመሥራት የሚፈቅዱት ሐኪሞች ቁጥር ከ10 በመቶ በታች ከነበረበት ከግማሽ በላይ እንደሚደርስ ተገምቷል። ጥሩ መኖሪያ ቤት ማቅረብ ብቻውን ከ46 በመቶ ገደማ የደመወዝ ጭማሪ ጋር የሚመጣጠን ውጤት ነበረው። ለነርሶች ከደመወዝ ውጭ ትልቁን ክብደት የያዘው የመሣሪያና የመድኃኒት አቅርቦት ሆኖ ተገኝቷል። ነርሷ የምታክምበት ነገር ሳይኖራት በሽተኛ ፊት መቆም እንደማትፈልግ ከዚህ መረዳት ይቻላል።

የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ያሻሻለው የገጠር ጤና ባለሙያዎች መመሪያም የገንዘብ ማበረታቻ ከትምህርት፣ ከሕግና ከሙያ ድጋፍ ጋር ተጣምሮ እንዲሰጥ ይመክራል፤ ከገጠር የመጡ ተማሪዎች ወደ ጤና ትምህርት እንዲገቡም ያበረታታል።

ጥናቱን አላግባብ መጠቀም

የደመወዝ ጥናት ክፍያን ለማሻሻል ብቻ ሳይሆን ለመግታትም ሊያገለግል ይችላል። በአሜሪካ የዩታ ግዛት ሆስፒታሎች የሰው ኃይል ኃላፊዎች የነርሶችን የወቅቱንና የወደፊቱን ደመወዝ መረጃ እርስ በርስ ይለዋወጡ ነበር። የአገሪቱ የፍትሕ መሥሪያ ቤት ይህ የነርሶችን ደመወዝ ዝቅ አድርጎ ይዟል በማለት ክስ መሥርቶ እ.ኤ.አ. በ1994 ጉዳዩ የመረጃ ልውውጡን በሚከለክል ስምምነት ተቋጨ። ከዚያ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1996 በወጣው መመሪያ ላይ ጥናቱ በገለልተኛ ሦስተኛ ወገን እንዲካሄድ፣ መረጃው ከሦስት ወር በላይ ያለፈው እንዲሆን፣ በእያንዳንዱ አኃዝ ቢያንስ አምስት ተቋማት እንዲካተቱና የአንዱም ድርሻ ከ25 በመቶ እንዳይበልጥ ተመልክቶ ነበር። መመሪያው እ.ኤ.አ. በ2023 ተሽሯል፤ የተሻረውም እነዚህ ገደቦች በቂ ጥበቃ አይሰጡም በሚል ነው። ቢሆንም እነዚህ ሁኔታዎች ለማንኛውም ጥናት ዝቅተኛ የጥንቃቄ መለኪያ ሆነው ሊያገለግሉ ይችላሉ።

ሌላው አደጋ ገበያው የተሸከመውን አድልዎ እንዳለ መቀበል ነው። የዓለም የጤና ድርጅትና የዓለም የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጡት ሪፖርት በጤናና በእንክብካቤ ዘርፍ የሚሠሩ ሴቶች ከወንዶች 24 በመቶ ያህል ያነሰ እንደሚያገኙ አመልክተዋል። ሴቶች የሚበዙባቸው መደቦች በገበያው ዝቅ ብለው ከተገመቱና ስኬሉ ገበያውን ብቻ ከተከተለ፣ አድልዎው የጥናት ማኅተም ያገኛል። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 42 ሴቶች ሠራተኞች ለተመሳሳይ ሥራ ተመሳሳይ ክፍያ የማግኘት መብት እንዳላቸው ደንግጓል። የሥራ ምዘና ከገበያ ጥናት ጋር አብሮ መሄድ የሚኖርበት አንዱ ምክንያትም ይኸው ነው።

ወረዳው ምን ማድረግ ይችላል?

የዲክሲስ ጤና ጽሕፈት ቤት የደመወዝ ስኬል ለማሻሻል ሥልጣን የለውም። ይህ ግን ጥናት አያስፈልገውም ማለት አይደለም፤ ጥናቱ ለሦስት ተግባራት ይጠቅመዋል።

አንደኛ፣ ለዞንና ለክልል በሚያቀርበው የበጀት ጥያቄ ላይ «ሠራተኛ እየለቀቀ ነው» ከሚል አጠቃላይ አቤቱታ ይልቅ የትኛው መደብ፣ በምን ያህል ልዩነት፣ ወደ የትኛው ቀጣሪ እንደሚሄድ በቁጥር ማሳየት ይችላል። ለዚህ የሚያስፈልገው ውድ ጥናት አይደለም። ላለፉት ሦስት ዓመታት የለቀቁትን ሠራተኞች መዝገብ ማውጣት፣ በስምምነታቸው ማነጋገርና ከአምስት እስከ አሥር ለሚደርሱ ቀጣሪዎች ባለ አንድ ገጽ መጠይቅ መላክ ይበቃል። መልሱ የግለሰብ ስም ሳይይዝ በቁልፍ መጠበቅ አለበት።

ሁለተኛ፣ በሥልጣኑ ሥር ያለውን ነገር ለይቶ ማሻሻል ይችላል። በ1990ዎቹ ዓ.ም. በክልሎች በተጀመረው የጤና ፋይናንስ ማሻሻያ ጤና ጣቢያዎችና ሆስፒታሎች የሰበሰቡትን ገቢ ይዘው፣ በሥራ አመራር ቦርዳቸው ውሳኔ፣ ለመድኃኒት፣ ለሕክምና መሣሪያና ለአገልግሎት ጥራት እንዲጠቀሙ ተፈቅዷል። ከላይ የተጠቀሰው ጥናት እንዳሳየው የመሣሪያና የመድኃኒት መሟላት ነርስን የማቆየት ኃይል አለው። ለሐኪም የሚሆን ቤት ማዘጋጀት፣ የተረኝነት ክፍያን ሳያዘገዩ መክፈልና የተረኝነት ድልድሉን ማስተካከልም ስኬሉን ሳይነኩ የሚደረጉ ማሻሻያዎች ናቸው።

ሦስተኛ፣ መረጃውን በየዓመቱ በአንድ ዓይነት መጠይቅ መሰብሰብ ይችላል። አንድ ጊዜ የተሰበሰበ ቁጥር ክርክር ያስነሣል፤ በተከታታይ የተሰበሰበ ቁጥር ግን የለውጡን አቅጣጫ ያሳያል።

በአገር አቀፍ ደረጃ ደግሞ የሙያ ማኅበራት ገለልተኛ ሰብሳቢ በመሆን ሊያገለግሉ ይችላሉ። አባሎቻቸው በመንግሥትም፣ በግልም፣ መንግሥታዊ ባልሆኑ ድርጅቶችም ስለሚሠሩ አንድ ቀጣሪ ብቻውን የማያገኘውን መረጃ ማግኘት ይቻላቸዋል። አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የአገሪቱን የኢኮኖሚ ዕድገት፣ የሥራ ገበያንና ሌሎች ሁኔታዎችን ከግምት ባስገባ ጥናት ላይ ተመሥርቶ ዝቅተኛውን የደመወዝ ወለል በየጊዜው የሚያሻሽል የደመወዝ ቦርድ እንደሚቋቋም ደንግጓል። ድንጋጌው የመንግሥት ሠራተኛውን ባይመለከትም፣ የግል ጤና ተቋማት ሠራተኞችን ይሸፍናል፤ ቦርዱ የሚመረኮዝበትን ጥናት ለማዳበርም በሙያው የተሰበሰበ መረጃ ያስፈልጋል።

ማጠቃለያ

የሥራ ገበያ የደመወዝ ጥናት ሌሎች የሚከፍሉትን ይነግራል እንጂ መከፈል የሚገባውን አይወስንም። ሥራዎች በይዘታቸው ሲዛመዱ፣ ገበያው እንደየሙያው ሲወሰን፣ መኻል ቁጥር ሲወሰድ፣ ሰዓትና አበል ሲካተቱና መረጃው እንደየጊዜው ሲታረም ጥናቱ እምነት የሚጣልበት ይሆናል። በአንድ ቀጣሪ በሚመራው የኢትዮጵያ የጤና ዘርፍ ግን ከሥራ ምዘና፣ ከኑሮ ውድነትና ከክፍት መደብ መረጃ ጋር ካልተጣመረ የስኬሉን ነጸብራቅ መልሶ ከማሳየት አያልፍም። እንደ ዲክሲስ ላለ ወረዳ ከሁሉም የሚቀድመው መረጃ በእጁ ያለው ነው፤ ይኸውም ማን እንደለቀቀ፣ ወዴት እንደሄደና ለምን እንደሄደ የሚያሳየው መዝገብ ነው።